ለአዲስ የባንክ ካርድ የምሥጢር ቁጥር እንዴት ይዘጋጃል? በጅቡቲ ለሚኖሩና ለሚመላለሱ ማወቅ የሚገባው

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ የገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤቲኤም) ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። በእጁ የያዘው ካርድ አዲስ ነው። በማሽኑ ገጽ ላይ የሚነበበው ፈረንሳይኛ ነው። ከኋላው ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። በዚህ መካከል "ላግዝህ?" የሚል ድምፅ ሲሰማ እምቢ ማለት ቀላል አይሆንም።

ይሁን እንጂ የካርዱ ዋና መቆለፊያ የሚበጀውም የሚላላውም በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ባለካርዱ የሚመርጠው ቁጥር፣ ቁጥሩን ሲጫን የሚያየው ሰው፣ ከዚያም በኋላ ቁጥሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ የወር ደመወዙን ደኅንነት ይወስናሉ።

ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ያልፋል። በዚህም የተነሣ በጋላፊና በደወሌ በኩል የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች፣ የዕቃ አስተላላፊ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች በከተማዋ ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱም፣ ከሌላ አገር ካርድ ይዘው ለሚመጡም፣ የመጀመሪያ ካርዳቸውን በአገር ቤት ለሚረከቡም የሚጠቅሙ ነጥቦችን ያቀርባል።

የምሥጢር ቁጥር ከየት መጣ?

የምሥጢር ቁጥር፣ በተለምዶ ፒን የሚባለው፣ ካርዱን የያዘው ሰው የሒሳቡ ባለቤት መሆኑን ለማሽኑ የሚያረጋግጥ ቁጥር ነው። የባንክ ሠራተኛ ፊርማንና መታወቂያን አስተያይቶ ደንበኛውን ይለያል። ማሽን ግን ፊት አያውቅምና በሰው ምትክ የሚያምነው ይህንን ቁጥር ነው።

ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ ካርድንና የምሥጢር ቁጥርን አጣምሮ ገንዘብ የሚከፍል መሣሪያ ያስመዘገበው እ.አ.አ በ1966 ነው። በተከታዩ ዓመት፣ ሰኔ 27 ቀን 1967፣ ባርክሌይስ ባንክ በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ በተባለ ሥፍራ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ለሕዝብ ከፈተ። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው ልክ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው።

የባርክሌይስን ማሽን የፈለሰፈው ጆን ሼፐርድ ባሮን ቁጥሩ ባለ ስድስት አኃዝ እንዲሆን አስቦ እንደነበር ተናግሯል። ባለቤቱ ግን ማስታወስ የምትችለው አራት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። በእርሱ አነጋገር አራት አኃዝ የዓለም ልማድ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው መመዘኛ ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት አኃዝ ይፈቅዳል። በስዊዘርላንድ ለምሳሌ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር የተለመደ ነው።

አራት አኃዝ እንዴት ይበቃል?

ከ0000 እስከ 9999 ያሉት አራት አኃዞች 10,000 ናቸው። ለኮምፒውተር ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ቁጥሩን የሚያስተማምነው ብዛቱ ሳይሆን የሙከራው ገደብ ነው። ባንኮች በአብዛኛው ሦስት ስሕተት ብቻ ይፈቅዳሉ። ከዚያ በኋላ ካርዱ ይታገዳል፤ አንዳንዴም በማሽኑ ውስጥ ይቀራል። እንዲሁ በግምት የሚሞክር ሌባ በሦስት ሙከራ የሚያገኘው ዕድል ከ10,000 ሦስት ብቻ ነው።

ቁጥሩ በማሽኑ ላይ ሲጫኑት በግልጽ አይጓዝም። የመጫኛው ሰሌዳ ራሱ ወደ ምሥጢራዊ ኮድ ይለውጠውና ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይልከዋል። እዚያም ሠራተኛ ሊያየው በማይችል መሣሪያ ውስጥ ይመሳከራል። በሱቅና በሆቴል የክፍያ ማሽኖች ላይ አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩን የሚያመሳክረው በካርዱ ላይ ያለችው ቺፕ ራሷ ናት።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የረሱትን ቁጥር የባንክ ሠራተኛ ሊነግርዎ አይችልም፤ በብዙ ባንኮች የሚሰጥዎ አዲስ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ለመለወጥ በአብዛኛው ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ማሽን መሄድ ያስፈልጋል፤ የሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ቢከፍልዎም ቁጥር ላይለውጥልዎ ይችላል።

ካርዱን ሲረከቡ

ካርዱና የመጀመሪያው ቁጥር በልማድ ተለያይተው ይሰጣሉ። ቁጥሩ በታሸገ ፖስታ፣ በስልክ መልእክት ወይም በባንኩ የእጅ ስልክ መተግበሪያ ሊደርስዎ ይችላል። በአንዳንድ ባንኮች ደግሞ ደንበኛው በቅርንጫፉ ውስጥ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ራሱ ይመርጣል።

ፖስታው የተከፈተ ወይም የተቀደደ ከሆነ አይረከቡት፤ ሌላ ይጠይቁ። በካርዱ ላይ የታተመው ስምዎ በፓስፖርትዎ ወይም በመኖሪያ ፈቃድዎ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። የአማርኛ ስም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ስለሚለያይ ኋላ መታወቂያ ሲጠየቁ ችግር ሊፈጠር ይችላል። በካርዱ ጀርባ የፊርማ ቦታ ካለ እዚያው ይፈርሙ።

ከቅርንጫፉ ሳይወጡ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይጠቅማል። ቁጥሩን ራሴ መለወጥ እችላለሁ ወይ? ካርዱ ሥራ የሚጀምረው መቼ ነው? ካርዱ ቢጠፋ ሌሊትም ሆነ በዕረፍት ቀን የሚደወልበት ስልክ የትኛው ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ጅቡቲ ውስጥ የተለየ ትርጉም አለው። ፈረንሳይ የባንክ ካርዶቿን ሁሉ ባለ ቺፕና ባለ ቁጥር ያደረገችው እ.አ.አ በ1992 አካባቢ፣ ከብዙ አገሮች ቀድማ ነው። በዚያ የቆየው ልማድ ግን ባንኩ ራሱ ቁጥሩን መርጦ ለደንበኛው መላኩ ነው። ይህን ልማድ በሚከተል ባንክ ቁጥሩ የማይለወጥ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በማሽኑ ፊት፦ ደረጃ በደረጃ

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ለመለወጥ የሚመረጠው በባንኩ ቅርንጫፍ ግቢ ውስጥ ወይም ደጃፍ ያለ ማሽን ነው፤ ጊዜውም ቅርንጫፉ ክፍት የሆነበት ሰዓት ይሁን። ካርዱ ቢዋጥ ወዲያው ወደ ውስጥ ገብቶ ማመልከት ይቻላል። በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን በመሆኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተዋጠ ካርድ ባለቤቱን ለቀናት ያለ ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል።

አንድ፦ ካርዱን ከማስገባትዎ በፊት የካርድ ማስገቢያውን ይመልከቱ። የተለጠፈ፣ የሚነቃነቅ ወይም ቀለሙ የተለየ ነገር ካለ ወደ ሌላ ማሽን ይሂዱ።

ሁለት፦ ካርዱን በቺፑ በኩል አስገብተው ቋንቋ ይምረጡ።

ሦስት፦ በሌላው እጅዎ ሰሌዳውን ከልለው የተሰጠዎትን የመጀመሪያ ቁጥር ያስገቡ። ቁጥር 5 ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ሰሌዳውን ከልለው ሲጫኑ ጣትዎን የምትመራው እርሷ ናት።

አራት፦ ከዝርዝሩ ቁጥር መለወጥ የሚለውን ይምረጡ። አዲሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ።

አምስት፦ ማሽኑ መለወጡን ሲያረጋግጥ ካርድዎንና ደረሰኙን ይውሰዱ። ከዚያም ቀሪ ሒሳብ በመመልከት ወይም ጥቂት ገንዘብ በማውጣት አዲሱን ቁጥር እዚያው ይሞክሩ።

ስድስት፦ የመጀመሪያው ቁጥር የነበረበትን ወረቀት ቀዳደው ይጣሉ፤ በስልክ መልእክት ከሆነም ይደምስሱ።

የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። እንግሊዝኛ በማሽኑ ላይ ካልተገኘ የሚከተሉትን ቃላት ማወቅ ከሌላ ሰው እርዳታ ነፃ ያወጣል። በማሽኑ ገጽ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፈው ሲነበቡ እንዲህ ይሰማሉ፦

"ኮድ ኮንፊዳንሲዬል" ወይም "ኮድ ስክሬ" ማለት የምሥጢር ቁጥር ነው።
"ሻንዥማን ደ ኮድ" ማለት ቁጥር መለወጥ ነው።
"ርትሬ" ገንዘብ ማውጣት፣ "ሶልድ" ደግሞ ቀሪ ሒሳብ ነው።
"ቫሊዴ" አረጋግጥ ማለት ሲሆን አረንጓዴው ቁልፍ ነው።
"ኮሪዤ" አርም ማለት ሲሆን ቢጫው ቁልፍ ነው።
"አኑሌ" ሰርዝ ማለት ሲሆን ቀዩ ቁልፍ ነው።
"ኮድ ኤሮኔ" ያስገቡት ቁጥር ስሕተት ነው ማለት ነው።
"ካርት አቫሌ" ካርዱ በማሽኑ ተውጧል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው አንድ ቃል ደግሞ "ኦፖዚሲዮን" ነው። በፖለቲካ ተቃዋሚ ማለት ቢሆንም በባንክ ቤት ግን ካርድን ማሳገድ ማለት ነው። ካርዱ የጠፋበት ሰው ስልክ ደውሎ ወይም ቅርንጫፍ ገብቶ "ኦፖዚሲዮን" ካለ ምን እንደሚፈልግ ሠራተኛው ወዲያው ይረዳዋል።

የትኛው ቁጥር ይመረጥ?

ቁጥሩ 10,000 አማራጭ ቢኖረውም ሰዎች የሚመርጡት ከጥቂቶቹ ነው። እ.አ.አ በ2012 ኒክ ቤሪ የተባለ የመረጃ ተንታኝ በኢንተርኔት ሾልከው የወጡ 3.4 ሚሊዮን ያህል ባለ አራት አኃዝ የይለፍ ቁጥሮችን መርምሮ ነበር። የባንክ ቁጥሮች ባይሆኑም የሰውን ልማድ ያሳያሉ። ከሁሉም 11 በመቶ የሚጠጉት 1234 ነበሩ። 1111 ደግሞ 6 በመቶ ያህል ይዞ ተከተለ። ሃያዎቹ የተለመዱ ቁጥሮች ብቻቸውን ከሩብ በላይ ሸፍነዋል። በሰሌዳው መካከል ቀጥ ብሎ የሚወርደው 2580ም በብዙዎች ይመረጣል።

በዚያው ዓመት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የባለቤቱን የልደት ቀን የያዘ መታወቂያ ከካርዱ ጋር ያገኘ ሌባ ከ11 እስከ 18 ከሚደርሱ የኪስ ቦርሳዎች በአንዱ ሊሳካለት እንደሚችል አስልተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የልደቱን ቀን ወይም ዓመት ቁጥሩ ያደርጋል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ አደጋ እጥፍ ነው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በ1982 የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ የልደት ዓመቱ 1989 ወይም 1990 ተብሎ ይጻፋል። ቀበሌ መታወቂያና ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ ከተገኙ ሌባው ሁለቱንም ዓመታት ያገኛል፤ ለሙከራ የተፈቀዱለት ደግሞ ሦስት ናቸው። "በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ማንም አያውቀውም" የሚለው ግምት፣ ሌባው የአገር ልጅ ሲሆን፣ ምንም አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት የዓድዋን ድል የሚያስታውሰው 1888፣ የጅቡቲ ነፃነት ዓመት 1977ና የኢትዮጵያ ሚሊኒየም የተከበረበት 2000 ጥሩ ምርጫ አይደሉም። የስልክ ቁጥር መጨረሻና የመኪና ሰሌዳ ቁጥርም እንዲሁ።

የተሻለው ዘዴ ዕጣ ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች በዐሥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። አጣጥፈው አንድ ያውጡ፤ አኃዙን ይያዙና ወረቀቱን መልሰው ይቀላቅሉ። አራት ጊዜ ይህን ካደረጉ ማንም ከሕይወትዎ ተነሥቶ ሊገምተው የማይችል ቁጥር ያገኛሉ። ዕጣው 1234 ወይም የልደት ዓመትዎን ካወጣ እንደገና ያውጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጣትዎ በሰሌዳው ላይ የሚሄድበትን መንገድ ደጋግሞ ማሰብ ለማስታወስ ይረዳል።

ለካርድ የመረጡትን ቁጥር ለእጅ ስልክ መክፈቻም ሆነ እንደ ቴሌብር ላሉ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች አይድገሙት። ቴሌብር ስድስት አኃዝ ስለሚጠይቅ አንዳንዶች በካርዱ ቁጥር ላይ ሁለት ዜሮ ብቻ ይጨምራሉ። አንዱ የታወቀ ቀን ግን ሁለቱም ይከፈታሉ።

ክሬዲት ካርድ ከሆነስ?

በኢትዮጵያም ሆነ በጅቡቲ በብዙዎች እጅ ያለው ዴቢት ካርድ ነው፤ ከራስ ሒሳብ ላይ ይቀንሳል። ክሬዲት ካርድ ግን ብድር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር በሚመጡ ሰዎች እጅ ይገኛል።

ከአሜሪካ በሚመጡ ካርዶች ላይ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። በዚያ አገር ብዙ ክሬዲት ካርዶች በፊርማ ወይም ያለ ፊርማ ስለሚሠሩ ባለቤቱ ለዓመታት ቁጥሩን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ጅቡቲ ደርሶ ማሽኑ "ኮድ" ሲለው ምን እንደሚያስገባ አያውቅም። አንዳንድ ባንኮች ቁጥሩን የሚልኩት በፖስታ ወደ መኖሪያ አድራሻ ብቻ በመሆኑ ጥያቄው ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ መቅረብ አለበት። ከአራት አኃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ያላቸውም በሚሄዱበት አገር ይሠራ እንደሆነ ባንካቸውን መጠየቅ ይገባቸዋል።

በክሬዲት ካርድ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከዕቃ ግዢ የተለየ ዋጋ አለው። በግዢ ላይ የሚሰጠው የዕፎይታ ጊዜ በአብዛኛው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ወለዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይታከልበታል። ስለዚህ ለዚህ ካርድ ቁጥር ማዘጋጀት ለክፍያ ማሽኖችና ለአስቸኳይ ጉዳይ እንጂ ለዕለት ወጪ አይመከርም።

ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአገር ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የተሰጠ ካርድ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም፣ በጅቡቲ ማሽን ገንዘብ አይሰጥም። ውጭ አገር የሚያገለግለው ቪዛን ወይም ማስተርካርድን የመሳሰለ ዓለም አቀፍ ምልክት ያለውና ባንኩ ለውጭ አገር አገልግሎት የፈቀደው ካርድ ነው።

ከማን ጋር መጋራት ይቻላል?

መልሱ ከማንም ነው። ይህ ግን በኑሯችን ውስጥ ለመናገር ይቀላል እንጂ ለመፈጸም ይከብዳል። ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ የሚነዳ ጓደኛ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ የሰፈር ልጅ፣ ወይም "እኔ አወጣልሻለሁ" የምትል አሠሪ ሁሉም በደግ ልብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁጥርን መከልከልም አለማመን ይመስላል።

ሊታወቅ የሚገባው በአብዛኞቹ የካርድ ውሎች ቁጥሩን በምሥጢር የመያዝ ግዴታ የደንበኛው መሆኑ ነው። በትክክለኛው ቁጥር ገንዘብ ከወጣ ባንኩ በቅድሚያ የሚገምተው ባለቤቱ ራሱ እንዳወጣ ወይም ቁጥሩን አሳልፎ እንደሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ ማስረዳት የደንበኛው ሸክም ይሆናል። የተሰጠው ሰው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ገንዘብ በጎደለ ቀን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። ስለዚህ ቁጥርን አለመስጠት ወዳጅነትንም መጠበቅ ነው።

እርዳታ ካስፈለገ የሚሻለው ጓደኛው ገጹን አንብቦ ከተረጎመ በኋላ ቁጥር በሚገባበት ጊዜ ፊቱን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ገንዘብ ለቤተሰብ መላክ ከተፈለገም ካርድና ቁጥር ከመስጠት ይልቅ በባንክ ወይም በስልክ ማስተላለፍ ይመረጣል።

በስልክ የሚጠይቅ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የባንክ ሠራተኛ የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም። በስልክ መልእክት የሚመጣ የአንድ ጊዜ ኮድም ሆነ በካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አኃዞች ለደዋይ አይነገሩም። ሦስቱ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ አንዱን ያገኘ አጭበርባሪ ሌላውን ለማግኘት መደወሉ አይቀርም።

ቢረሳ፣ ቢዋጥ ወይም ቢሰረቅ

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ከተሳሳቱ ሦስተኛውን አይሞክሩ። "አኑሌ" የሚለውን ቀይ ቁልፍ ተጭነው ካርድዎን ይውሰዱና ወደ ባንክዎ ይሂዱ። በአንዳንድ ባንኮች ትክክለኛው ቁጥር ሲገባ የስሕተቱ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ስሕተት ግን ያሳግዳል።

ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ከቀረ ከአጠገብ መጥቶ "ቁጥሩን እንደገና ሞክር" የሚልን ሰው አይስሙ። ይህ በብዙ አገሮች የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ሌባው በማስገቢያው ውስጥ ካርድ የሚይዝ ቀጭን ነገር ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ቁጥሩን ሲደግም ያያል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ካርዱን አውጥቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ከተቻለ ከማሽኑ ሳይርቁ ይደውሉና ካርዱን ያሳግዱ። የባንኩን ስልክ በካርዱ ጀርባ ብቻ መያዝም አይበቃም፤ ካርዱ ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። በወረቀት ጽፎ በሌላ ኪስ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ለዓመታት በስልክ መልእክት ሲዘዋወር የኖረ አንድ ወሬም አለ፦ ሌባ ቢያስገድድዎ ቁጥሩን ገልብጠው ቢያስገቡ ፖሊስ ይጠራል የሚል ነው። ይህ እውነት አይደለም። ገልብጠው ያስገቡት ቁጥር ለማሽኑ ስሕተት ብቻ ነው፤ እንደ 1221 ያለው ቁጥር ደግሞ ቢገለበጥም ያው ነው። በጉልበት ከተገደዱ ገንዘቡን ሰጥቶ ሕይወትን ማትረፍ፣ ከዚያም ወዲያው ካርዱን ማሳገድና ለፖሊስ ማመልከት ይቀድማል።

የምሥጢር ቁጥር መምረጥና መለወጥ በማሽኑ ፊት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርምም ቆም ብሎ ገጹን ማንበብ፣ ሰሌዳውን መከለልና አዲሱን ቁጥር እዚያው መሞከር ይገባል። ያልገባ ነገር ካለ ካርዱን አውጥቶ ተመልሶ መምጣት ይቻላል፤ ማሽኑ እዚያው ይጠብቃል።